ጭስ ያልወጣበት ቤት

እኛ አገር ሰው ሰላም ከማለቱ በፊት ቀና ብሎ ጣሪያህን ያያል። ጭስ ካለ «እንዴት አደራችሁ» ይልሃል፤ ከሌለ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ይህን የምነግራችሁ አገራችንን ለማማት አይደለም። ብርዳም አገር ነው፤ እሳት ሳይነድበት የሚውል ቤት የለም። ስለዚህ ጭስ የማይወጣበት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ወይ ሞቷል ወይ ሊሞት ነው ብለው የጥንት ሰዎች ደመደሙ። ደመደሙና ሕግ አደረጉት።

ሕጉን የሚያስፈጽመው የጭስ ዘበኛው ነው። እኔ የማወራችሁ ነገር ሲሆን ሹመቱ በባሻ ወንድይራድ እጅ ነበር። ከከተማው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ማማ ተሠርቶለታል። ጠዋት ጠዋት እዚያ ይወጣና ጣሪያዎቻችንን አንድ በአንድ ያያል። ፀሐይ ወጥታ ጭስ ያልታየበት ቤት ካገኘ መለከት ይነፋል፤ ያን ጊዜ ከተማው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለለቅሶ ይወጣል። መጀመሪያ በሩን ማንኳኳት አይቻልም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይቻልም። የሐዘን ቤት ማንኳኳት ነውር ነው።

የተለቀሰለት ቤት ደግሞ አንዴ ተለቅሶለታል። ሰዎቹ በሕይወት ቢገኙ እንኳ ጭሳቸው ተመልሶ እስኪታይ ለቅሶው አይሻርም። ከጋራው ደን የሚደርሳቸው የማገዶ ድርሻ ይቀርባቸዋል፤ ሙት አይበርደውምና።

እኔ አንዳርጌ እባላለሁ፤ ሥራዬ ቁልፍ መሥራት ነው። ቁልፍ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሰው አያምንም። ሱቄ የሚመጣው ሁሉ «በሩ የራሴ ነው፤ ቁልፉ ጠፍቶብኝ ነው» ይላል። በሩ የእሱ እንዳልሆነ ግን ዓይኑ ይነግረኛል። እንዲህ እየሆነ፣ ሰው ሲስቅልኝ ኪሴን መንካት ልማድ ሆነብኝ። በጎረቤቴ በደርቤ ጣሪያ ላይ የሚትጎለጎለውን ጭስ ሳይ እንኳ «ይሄ ሰውዬ ያለው አንድ ድስት ነው፤ ምን ቢያበስል ነው እንዲህ የሚጨሰው?» እል ነበር። እሱም እኔን የሚያየኝ በዚያው ዓይን ነው። በመሃላችን ያለውን አጥር እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል እያስረዘምነው ኖረን፣ የሁለታችንም ጓሮ ፀሐይ ካየ ቆይቷል።

ባለቤቴ ትርንጎ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ሳቂታ ናት፤ ያገኘችውን ሁሉ ታምናለች። እሷ ላይ ነው ሳሉ የተነሣው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ ኋላ ውሎ አዳሯ ሆነ። ስቃ ሳትጨርስ ትን ይላታል፤ ድስቱን እያማሰለች ትቆምና ግድግዳ ትደገፋለች። እኔ ነፍሴ እንደ ክር ቀጥና እተኛለሁ። ሳሏን ስሰማ፣ እየሳለች ነው፣ አለች ማለት ነው እያልኩ እጽናና ነበር።

ሐኪም ጠራሁላት። ጆሮውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነሣና በመጀመሪያ መስኮቱን ዘጋ።

«ጭስ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «መጪውን ክረምት እዚህ ጭስ ውስጥ ከከረመች አትወጣውም።»

«እና ምን ባደርግ ይሻላል?»

«እኔ ምንም አላልኩህም» አለና መስኮቱን መልሶ ከፈተው። ከዚያ መንገደኛ እንዲሰማው ጮክ ብሎ «ጭሳችሁ አይጥፋ!» ብሎን ወጣ። እኛ አገር ደህና ዋሉ ማለት እንዲህ ነው።

በዚያው ሰሞን ከበላይ አካል አዋጅ መጣ። ማንኛውም ቤት ጭሱ ያነሰ ምድጃ መርጦ ይግዛ ይላል። የጭስ ዘበኛው ሕግ ግን አልተነካም። ጭስ ቀንሱ ተባልን፤ ጭሱ ላልታየ ደግሞ ይለቀሳል። ሁለቱ አዋጆች አንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተለጠፉ፤ ማስቲሹም አንድ ነበር።

የምድጃ ሹም የሚባልም ተሾመ። ምድጃ ሠሪዎች ዕቃቸውን ሜዳ ላይ ደረደሩ። ሹሙ ነጭ ጓንት አጥልቆ እየዞረ፣ ጣቱን በየጭስ ማውጫው አፍ ያሳልፍና ጓንቱን ያያል። ነጭ ነው። «አልፏል!» ይላል። ከምድጃዎቹ አንዱም አልተለኮሰም። አንድ ደፋር ሰው «ጌታዬ፣ ለምን አይለኮሱም?» ቢለው ሹሙ በጣም ተገረመ።

«ከተለኮሱማ ይጨሳሉ!» አለ።

ምድጃዎቹ ሁሉ አለፉ፤ ሁሉም ላይ አረንጓዴ ቆርቆሮ ተመታ። ነገሩ አልጣመኝም። ሁሉም ካለፈ ምኑን ነው የምመርጠው? ግን የትርንጎ ሳል ቀን አይሰጠኝም፤ ገበያ ወረድኩ።

ሻጮቹ ሁሉ ምድጃቸውን ሲያሞግሱ አፋቸው አረፋ ይደፍቃል። አንዷ ብቻ ዝም ብላ ተቀምጣለች። አስካለ ትባላለች፤ ድርቅ ያለች ሴት ናት። ምድጃዎቿ በወፍራም ላሜራ የተሠሩ ሆነው ውስጣቸው በጡብ ተለብጧል። አንዷ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። ቀረብ ስል ምድጃውን እንደማሞገስ እኔን መመርመር ጀመረች።

«ክፍልህ ምን ያህላል?»

«ለምን ፈለግሽው?»

«ምድጃ የሚመረጠው በክፍሉ ልክ ነው።»

«ቀጥለሽ በሩ ስንት ነው ልትይኝ ነው?»

«በሩን ተወው። መስኮት አለህ? ማገዶህንስ የት ነው የምታስቀምጠው?»

ክው አልኩ። ቁልፉን በየትኛው ኪስህ ታደርጋለህ ማለት ብቻ ነው የቀራት! ሌባ ቤት ከመግባቱ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ አይደል? ዕድሜ ልኬን ቁልፍ ሠርቼ የቤቴን ልክ ገበያ መሃል ለማላውቃት ሴት ልናገር?

«ክፍሌ ሰፊ ነው» አልኳት። «አዳራሽ በይው።»

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «አዳራሽ?»

«አዳራሽ። ማገዶዬም ደረቅ ነው። የተቀመጠበት አያገባሽም።»

«ካልክ ትልቁን ውሰድ። ግን ስማኝ ወንድሜ፤ ትልቅ ምድጃ ጠባብ ክፍል ከገባ ወበቁ አያስቀምጥህም። ለማብረድ ብለህ የአየር ማስገቢያውን ትዘጋዋለህ። አየር ያጣ እሳት ደግሞ መንደዱን ትቶ መጨስ ነው ሥራው። ለጠባብ ክፍል ትንሿ ናት። ቀጭን ደረቅ ፍልጥ ትጨምርባታለህ፣ አየሩን ክፍት ታደርጋለህ፣ ቦግ ብሎ ይነድልሃል።»

ትንሹን ግዛልኝ የምትል ነጋዴ አይቼ አላውቅም። አንድ ነገር አለ አልኩ በሆዴ። ትልቁን አሸክሜ ቤቴ ገባሁ።

ክፍላችንን ላስረዳችሁ። አልጋና ምድጃ ካስቀመጥን በኋላ ሁለት ሰው ለመተላለፍ አንዱ አልጋው ላይ መውጣት አለበት። ማገዶዬን ደግሞ ደርቤ እንዳያይብኝ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀብሬው፣ በላዩ ሸራ አልብሼ፣ በሸራው ላይ አፈር መልሼበታለሁ። ስለዚህ አዲሱ ምድጃ የመጀመሪያ ቀን እርጥብ ግንድ ጎረሰ። ላብ በላብ ሆንን። አየሩን ዘጋሁት። እሳቱ ጨለመና ጥቁር ጭስ በቱቦውም በበሩም በስንጥቁም መውጣት ጀመረ። ትርንጎ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወደ ደጅ ወጣች።

ከተማው ግን ወደደኝ! ባሻ ወንድይራድ ከማማው ወርዶ እጄን ጨበጠኝ። «አንዳርጌ፣ ዛሬ ጭስህ አኮራኝ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከጭሱ ይሁን ከኩራቱ አላወቅኩም። የምድጃ ሹሙም ከሌላ አገር የመጡ እንግዶች ይዞ ደጄ ቆመ። «በአዲሱ ምድጃ የሚወጣው ያነሰ ጭስ ይኸው ይህን ያህል ነው» ብሎ ጣሪያዬን በዘንግ ሊያሳያቸው ፈለገ፤ ጣሪያው ግን አይታይም ነበር። እንግዶቹ እያሳላቸው አጨበጨቡ።

ትርንጎ በዚያ ሳምንት ከአልጋ መነሣት አቃታት። አንድ ጠዋት ቀና ብላ ያቺን የሳቅ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«ሴትዮዋ ስለ ክፍላችን ጠይቃህ ነበር?»

«ጠይቃኛለች።»

«ምን አልካት?»

ወደ ምድጃው ዞሬ ቱቦውን ነካካሁ።

«አንዳርጌ፣ ምን አልካት?»

«አዳራሽ ነው አልኳት።»

መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ሲበርድላት እያለቀሰች ነበር። «ሌባ ቢመጣ ምን ይወስድብናል? ያለህ እኔ ነኝ፤ እኔን ደግሞ ጭሱ ይዞኝ እየሄደ ነው!» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ጋቢዋን ተከናነበችና እየተደገፈች አስካለ ዘንድ ሄደች። እኔ ምድጃውን አሸክሜ ተከተልኩ። «እህቴ፣ አልጋዬ ላይ ተኝቼ ምድጃውን በእግሬ እነካዋለሁ» አለቻት ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ። «ማገዶውንም ቀብሮታል።»

«ማገዶ ይቀበራል እንዴ?» አለች አስካለ። ያቺ ድርቅ ያለች ሴት ሆዷን ይዛ ስትስቅ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ትልቁን ተቀብላ ትንሿን ሰጠችን። ማገዶውን አውጥታችሁ ቀጫጭን አድርጋችሁ ስንጠቁት፤ ፀሐይ ላይ ከምሩት፤ ሁለቱን ስታጋጩት ቋ ካለ ደርቋል አለችን።

ፍልጤን ደጄ ላይ ከመርኩት። ከተማው በሙሉ ያለኝን ማገዶ አየ። ማንም አንዲት እንጨት አልነካብኝም። ይሄም አጠራጠረኝ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ማገዶው ቋ ማለት ጀመረና ትንሿን ምድጃ ለኮስናት። እሳቱ ቦግ ብሎ ጠራ። ትርንጎ ቁጢጥ ብላ ታየው ጀመር። «እሳቱ ዝም አለ እኮ» አለች። ደጅ ወጥቼ ቀና አልኩ። ከቱቦው አፍ በላይ አየሩ ይርገበገባል እንጂ ምንም የለም። ሰው በዚህ ይደሰታል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የታወሰኝ መለከቱ ነው። ወደ ማማው ዞር ብዬ ሳልጨርስ መለከቱ ተነፋ።

ለቀስተኛው መጣ። ከፊት ደርቤ ነው፤ «ወይኔ ጎረቤቴ! ወይኔ ቁልፍ አዋቂው!» እያለ ደረቱን ይመታል፤ በዓይኑ ግን ግቢዬን ይለካል። ትርንጎ ጭልፋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ምን ሆናችኋል? ኧረ እዚህ ነኝ!»

ጠጂቱ የሚሏት አልቃሽ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጫነች። «ወየው ትርንጎዬ! ድምጿ እንኳ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ!» ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት።

እኔ ባሻን እጁን ይዤ ለመንኩት። «ባሻ፣ ተመልከተኝ። ቆሜ እየተናገርኩ አይደል?»

«እኔ ከማማ ላይ የማየው ጭስ ነው፤ ሰው አይታየኝም» አለ በሐዘን። ከዚያ ግራ ቀኙን አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አንተ ብቻህን ቂል ሆንክ እንዴ? ከቤትህ ጀርባ እርጥብ ቅጠል ለኩስ። ጥቂት ቀን ካጨስክ እንደተነሣህ ይቆጠርልሃል፤ ድርሻህም ይመለሳል።»

ያን ጊዜ ነው ከተማውን በደንብ ያየሁት። አረንጓዴ ቆርቆሮ የተመታበት ምድጃ በገባበት ቤት ሁሉ፣ ከጀርባው እርጥብ ቅጠል ይጨሳል። ቤት ውስጥ ለአዋጁ፣ ጓሮ ለማማው። የደርቤም የድስት ጭስ አልነበረም፤ ድሮም ቅጠል ነበር።

እኔም ለኮስኩ። ምን ላድርግ? ክረምት ያለ ማገዶ አይወጣም። ባሻ ከማማው እጁን አወዛወዘልኝ፤ ሰዎች እንደገና «ጭሳችሁ አይጥፋ» ይሉን ጀመር። ደመናው ግን ዝቅ ብሎ ነበርና የየጓሮው ጭስ መሄጃ አጥቶ በየበሩ ሥር ተመልሶ ገባ። ከተማችን በዕድሜዋ እንደዚያ ጨሳ አታውቅም። የምድጃ ሹሙ ያን ሰሞን ሜዳልያ ተሸለመ።

የትርንጎ ሳል ተመለሰ፤ እንደ ድሮው አይደለም፣ ብሶ ነው። አንድ ጠዋት ቅጠሉን እያራገብኩ ሳለ በግድግዳው ተደግፋ መጣች። የውኃውን ማሰሮ ይዛለች።

«ምድጃዋ አትጨስም» አለችኝ። «የምትጨሰው አንተ ነህ።»

«ድርሻችን ይቀራል፣ ትርንጎ። በምን እናበስላለን? በምን እንሞቃለን?»

«ያ አጥር ደረቅ እንጨት አይደል?»

አጥሩ! ወላጅ አባቴን አቃጥለው ያለችኝ ያህል ነው የደነገጥኩት። ያን አጥር አንዱን እንጨት በአንዱ ላይ የደራረብኩት እኔ ነኝ።

«ለባሻ ዓይን ብለህ እኔን ልትቀብረኝ ከሆነ ንገረኝ» አለች። «እንዲያ ከሆነ አሁኑኑ ያልቅሱልኝ፤ ሳልሰማው እንዳይቀር።»

ማሰሮውን ዘረጋችልኝ። ወደ ማማው አየሁ፤ ባሻ እዚያ ቆሟል። ወደ እሷ አየሁ፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ተቀበልኳትና ውኃውን በሙሉ ቅጠሉ ላይ ደፋሁት። ቸስ ብሎ ጠፋ።

መለከቱ ተነፋ። በሁለተኛው ለቅሶ የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ እንባም ብዙ አልወጣም። ጠጂቱ ያው ያለፈውን ደግማው ሄደች። ማገዶ ክፍፍል ላይ ስማችን ቀረ። መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ባርኔጣቸውን እያወለቁ ያልፉኛል፤ ሱቄ ግን ይመጣሉ፤ ሙት ምስክር አይሆንም ብለው ነው መሰለኝ፣ በሩ የማን እንደሆነ አሁን እውነቱን ይነግሩኛል።

በዚያ የሁለተኛ ለቅሶ ዕለት ለቀስተኛው ሲበተን ደርቤ ብቻ ቀረ። ከአጥሩ የነቀልኩትን የመጀመሪያ እንጨት ይዤ ነበር፤ በቀዳዳው አየኝ። ባሻ ልኮት ነው፣ አናግሮኝ ሊያሳብቅ ነው ብዬ እንጨቱን ጠበቅ አደረግኩ።

«ምን ፈለግክ?»

«ለራሴ ነው የማወራው» አለ መሬት መሬት እያየ። ደጅ ላይ ከሙት ጋር ማውራት ክልክል ነው። «ልጄን ያስላታል። ሐኪሙ መስኮት ዘግቶ ነገረኝ። ምድጃው... ትልቁ ነው ትንሿ?»

«ክፍልህ ምን ያህላል?» አልኩት።

ቀና አለ። ያን አስተያየቱን አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው። «ሰፊ ነው» አለ። «አዳራሽ ነው ማለት ይቻላል።»

ሳቄ መጣ፤ ተናደድኩም። «ስማ ደርቤ፣ የእኔ አልጋና ምድጃ ይነካካሉ» አልኩት። በሕይወቴ የቤቴን ልክ ለሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ዞር ብሎ ቤቱን አየ። «የእኔም» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ትንሿን።»

ሄደ። በበነጋታው ከአጥሩ በእሱ በኩል አንድ እንጨት ተነቅሎ አየሁ። ሊሰልለኝ ነው ቀዳዳ ያበዛው ብዬ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው፣ አሁንም አስባለሁ። እሱ በእሱ በኩል፣ እኔ በእኔ በኩል እየነቀልን አጥሩ አጠረ። ሲያልቅ ምን እንደምናነድ እንጃ። ጓሯችን ግን ፀሐይ ገባበት።

ክረምቱ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት በመለከት ድምፅ ነቃሁ። የእኛ አይደለም፤ እኛ አንዴ ሞተናል። ለደርቤ ቤት ነው፤ እሱም ትንሿን ለኩሶ ነው። ለቀስተኛው በጭቃው እየተንቦጫረቀ ሲያልፍ ሰማሁ። እየሰማሁ ተኝቼ ሳለ አንድ ነገር ጎደለኝ። ሳል የለም። ሌሊቱንም አልሰማሁም። ደንግጬ ወደ ትርንጎ ዞርኩ፤ ጸጥ ብላለች። መዳፌን አፍንጫዋ ሥር አደረግኩ፤ በሞረድ የደነደነ መዳፍ ትንፋሽ የት ይሰማዋል? አይነካኝም፣ አይሞቀኝም። ለባሻ ስል አጨስኩባት፣ ዘገየሁባት አልኩ። ጋቢውን ራሴ ላይ ጎትቼ «ወይኔ ትርንጎ! ወይኔ ሳቂታዋ!» ብዬ ጮህኩ።

አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«አንተም?» አለችኝ። «አንተም ሳታንኳኳ ማልቀስ ጀመርክ?»

ጉንጬን በመዳፏ ጠረገችልኝና ተነሣች። «ያችን ሕፃን ያስደነግጧታል፤ ነይ የሚላት ሰው ያስፈልጋል» አለች፤ ከምድጃው ላይ ድስቱን አነሣች። አጥሩ በነበረበት በኩል ተሻግረን ደርቤ ቤት ሄድን፤ በሩ ላይ ስንደርስ እኔ አንኳኳሁ።